ክፍል ሁለትን ቀድሞ ያነበበው

ማዕረግ ቅዳሜ ጠዋት መጽሐፏን ስትከፍት ከመሃሉ የክብሪት እንጨት ብቅ ብሎ አገኘች። የእሷ ምልክት ክብሪት አይደለም። እሷ ገጽ አጣፊ ናት፤ በጸሐፊነት የምትሠራበት ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ስንት ጊዜ ተቆጥተዋት አልተወችውም። ትናንት ማታም መብራት እስኪሄድባት አንብባ፣ የመጽሐፉ ባለታሪክ ወይንሸት ቤይሩት አየር ማረፊያ ቲኬቷን ጨብጣ «ልሂድ ወይስ ልቅር» እያለች የምትንቆራጠጥበት ቦታ ላይ ጫፉን አጥፋ ቡፌው ላይ ነበር ያስቀመጠችው። እጥፉ እንዳለ አለ። የክብሪት እንጨቱ ግን እጥፉን ጥሎ ሄዶ፣ ከመጽሐፉ ወገብ ላይ ተሰክቷል። እንግዲህ በዚህ ቤት ውስጥ ከእሷ ቀድሞ የሚያነብ ሰው አለ ማለት ነው። ማዕረግ ደሟ ፈላ።

ነገሩ የመጽሐፍ ነገር ብቻ ቢሆን ባልከፋ። «የባሕር ሁለት ዳር» ክፍል አንድ የወጣው ከአራት ዓመት በፊት ነው። የደብረ ማርቆሷ ወይንሸት ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ትሄድና ከአንድ ሶርያዊ ዳቦ ጋጋሪ፣ ከናዲም ጋር ትዋደዳለች። አባቷ አቶ ታፈሰ ደግሞ «እሱን ይዘሽ የመጣሽ ዕለት አባት የለሽም» ይሏታል። ደራሲው ልጅቱን አየር ማረፊያ ድረስ ካደረሳት በኋላ እዚያው ወንበር ላይ ጎልቷት፣ ክፍል አንድ እዚህ ላይ ተፈጸመ ብሎ እብስ አለ። ያን ጊዜ ማዕረግና ልጇ ቢሊሴ አንድ አልጋ ላይ ተጋድመው እየተነጣጠቁ ነበር ያነበቡት፤ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ቢሊሴ መጽሐፉን ከግድግዳ ጋር አጋጨችው። ከዚያ ቢሊሴ ሆቴል ሥራ አግኝታ ዱባይ ሄደች። ክፍል ሁለት ወጣ ሲባል ማዕረግ ገንዘቡን ለሚኒባስ ሾፌር ሰጥታ ከአዲስ አበባ አስመጣችው። አራት መቶ ብር ነው፤ ደህና ዶሮ ሊገዛ ምንም አይቀረው። ከመጣ ገና አምስት ቀኑ ነው፤ ቀን ቀን ሥራ ላይ ስለሆነች የምታነበው ማታ ማታ ብቻ ነው። እና አሁን አንድ ሰው በላይዋ ላይ አልፎ ሄዷል።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ሩትን ነው። ሩት የባሏ የወንድም ልጅ ናት፤ ከጌዶ መጥታ እነሱ ዘንድ ተቀምጣ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። «እኔ?» አለች ሩት፣ ጫማዋን እያሰረች ሳቋ መጣ፤ «እትዬ፣ እኔ በኦሮምኛ፣ በቁቤ የተማርኩ ልጅ ነኝ እኮ። አንድ ገጽ አማርኛ ጨርሼ እስክነሣ ይመሻል። ደግሞ የመዘምራን ልምምድ አለኝ፣ ረፍዶብኛል።» እውነቷን ነው፤ የመብራት ደረሰኝ እንኳ ስታነብ ትንተባተባለች። ሌላ ማን ቀረ? ባሏ ቀንዓ ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጦ ጨጨብሳውን እየበላ ነው። ወደ ሬዲዮው ዞሯል እንጂ ሬዲዮውን አልከፈተውም። ማዕረግ ባሏን አልጠረጠረችውም። ሰላሳ ዓመት የነቀምት መንገድ ላይ አውቶቡስ የነዳ፣ ወገቡ አሞት ቤት ከዋለ ወዲህ ጋዜጣ እንኳ ገልጦ የማያውቅ ሰው የፍቅር ልብ ወለድ ያነባል ብሎ ማን ያስባል? ድመቷን ብትጠረጥር ይቀላት ነበር። «መነጽሬን አይተሃል?» አለችው። «አላየሁም» አለ። ሻዩን ጨርሶ ወደ ጓሮ ወጣ።

እንዲህ ሆነው ነው የከረሙት። መስከረም ላይ ቢሊሴ ደውላ፣ የምሥራች ነው ብላ፣ እዚያው ሆቴል ወጥ ቤት የሚሠራ አንድ የኡጋንዳ ልጅ እንደምትወድና ሊጋቡ እንደሆነ ተናገረች። ቀንዓ ስልኩን እንደያዘ «ሽማግሌ ማን ይልካል? በአውሮፕላን ነው?» ብሎ ለማዕረግ አቀበላት። ያ ነው የመጨረሻው ቃሉ። ከዚያ ወዲህ የልጁን ስም አልጠየቀም፣ የልጅቱንም አልጠራም፤ ስልክ ሲጮኽ ተነሥቶ ይወጣል። ማዕረግ ከልጇ ጋር የምታወራው ከሽንት ቤቱ ጀርባ ቆማ በሹክሹክታ ነው። ባልና ሚስት እየተያዩ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ቧንቧ ውሃ፣ ስለ ወገቡ ክኒን ያወራሉ፤ የቀረው ጠረጴዛው ላይ እንደ ጠጠር ተቀምጦ ይውላል።

ማዕረግ መጽሐፉን ቡፌው ውስጥ፣ ለእንግዳ ብቻ ከሚወጡት ብርጭቆዎች ኋላ ደበቀችውና ፀጉሯን ልትሠራ ወጣች። የባየሽ ፀጉር ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ናት። ሦስት ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሁለት ማድረቂያዎች አሏት፤ አንደኛው ከተበላሸ ቆይቷል። የክፍል ሁለት ተራ የሚያዘው እዚህ ነው። ማዕረግ ስትጨርስ ባየሽ፣ ከባየሽ ቀጥላ ባንክ የምትሠራው ሀና፣ ከሀና በኋላም መዓት ሰው አለ። ማዕረግ ገና ከመቀመጧ ሀና በመስታወቱ ውስጥ አየቻትና፣ «አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ጨርሳዋለች። መጨረሻውን ነግራኛለች» አለች።

«ዝም በይ!» ብላ ጮኸች ባየሽ፣ ማበጠሪያውን ከፍ አድርጋ። «ትንፍሽ ካልሽ ያንን ፀጉርሽን እስከ ሥሩ ነው የማቃጥልልሽ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ክርክሩ ተነሣ። ባየሽ ወይንሸት ናዲምን ይዛ መምጣት አለባት ባይ ናት፤ የሚወዳትን ሰው የት ልታገኝ? ሀና ግን አባቷ ሳይመርቃት የተጋባች ሴት አይቀናትም አለች፤ ለዚህም አንዲት የእጃጂ ዘመዷን እንደ ምስክር ጠራች። ቅባት ስንት ገባ፣ ዘይት ስንት ገባ እያሉ መሃል መሃሉን ይወጡና ተመልሰው ወደ ወይንሸት ይገባሉ፤ ጎረቤታቸው የሆነች ያህል ነው የሚያሟት። ማዕረግ ሌላ ቀን ቢሆን ከሁሉም በላይ ትጮህ ነበር። ዛሬ ግን ጭኗ ላይ ያለውን ፎጣ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። የቢሊሴን ነገር አምቦ ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም። ባየሽ ፀጉሯን ጠቅልላ ማድረቂያው ስር ስታስገባት፣ «ቢሊሴስ? እስካሁን ምንም የለም? ዕድሜዋ እየሄደ እኮ ነው» አለቻት። «ሥራ ላይ ናት» አለች ማዕረግ። ይህን ስትል ወይንሸት ትዝ አለቻት፤ አየር ማረፊያው፣ ቲኬቱ፣ ያ ሁሉ ሰው በፊቷ ሲያልፍ። ወደ ቤት ሮጣ ሄዳ ማንበብ አማራት።

እግዜር የሰማት ይመስል መብራት ጠፋ። ማድረቂያው እንደ ደከመ ሰው ተንፍሶ ቆመ። ባየሽ መብራት ኃይልን፣ ወርሃዊ ኪራይዋንና ዕድሏን አንድ ላይ ረገመች። ይመለስ እንደሆነ ትንሽ ጠበቁ፤ አልተመለሰም። ማዕረግ ፀጉሯ እንደተጠቀለለ በሻሽ አስራ፣ ከሰዓት እመለሳለሁ ብላ ባጃጅ ያዘች። የቅዳሜ ገበያ ስለሆነ መንገዱ በጋሪና በአህያ ተጨናንቋል፤ ሁሉቃ ድልድይ ላይ በግ የጫነ አይሱዙ መንገዱን ዘግቶ ሾፌሩ ከጋሪ ነጂ ጋር ይጨቃጨቃል። ማዕረግ ግን አልተናደደችም። ቤት ደርሳ፣ ሰው በሌለበት፣ እግሯን ዘርግታ ቢያንስ ሁለት ምዕራፍ! እንደ ልጅ ደስ አላት።

ቡፌውን ከፈተች። ብርጭቆዎቹ አሉ። መጽሐፉ የለም።

የጓሮው በር ገርበብ ብሏል። ከውጭ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ሰው ለሰው የሚያወራው ዓይነት አይደለም፣ ዝግ ብሎ የሚጎተት፣ ቃል ከቃል እየነጠለ የሚያስቀምጥ ድምፅ ነው። አንገቷን አሰገገች። ቀንዓ ከኮኩ ዛፍ ሥር የአምቦ ውሃ ሳጥን ደፍቶ ተቀምጧል። መጽሐፉ ጉልበቱ ላይ ነው። ቀይ ፍሬም ያለው የሷ መነጽር አፍንጫው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ጣቱን ከመስመሩ ስር እየጎተተ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል። አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ። መልሶ ያንኑ አነበበው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ፊቱን በመዳፉ ከላይ እስከ ታች ጠረገ።

ማዕረግ ልትጮህበት አፏን ከፍታ ነበር። ድምፅዋ ግን ካሰበችው አነሰ።

«የት ደረስክ?»

ቀንዓ ተስፈንጥሮ ተነሣና መጽሐፉን ከጀርባው ደበቀ። «ጨረስሽ እንዴ? ፀጉርሽ...»

«መብራት ጠፍቶ ነው። የት ደረስክ ነው የምልህ!»

«እዚያ ጋ ነኝ... አባትየው...»

«እንዳትነግረኝ!» ብላ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። «አራት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ነው!»

«መሎ፣ እባክሽ ማዕርጌ፣ ልንገርሽ።»

«ብትነግረኝ አልምርህም!»

ቀንዓ ግን አላስቻለውም። ከመስከረም ጀምሮ የታፈነ አፍ ድንገት ሲከፈት መያዣ የለውም። «ሞተ» አለ።

እጇን ከጆሮዋ አወረደች። «ማን ነው የሞተው?»

«አቶ ታፈሰ። ልጅቱ ያንን ዳቦ ጋጋሪ ይዛ መጣች፤ ደጅ ቆማ ታንኳኳለች። ሰውዬው አልጋ ላይ ነው፣ ታሟል። እንዳትከፍቱላት ብሎ አስምሎ ያዛቸው። እሷ ጎረቤት እያደረች ጠዋት ጠዋት እየመጣች ታንኳኳለች። እሱ ይሰማታል፤ ማዕርጌ፣ ይሰማታል እኮ! ማንኳኳቷን ይሰማል፣ ድምፅዋንም ይሰማል። ከዚያ ሞተ። በሩ የተከፈተላት ለለቅሶ ነው።»

ማዕረግ እንደ እሳት ነደደች። ሌባ አለችው። ውሸታም አለችው፤ መነጽሬን ጠይቄህ አላየሁም አላልከኝም? እኔ ገና ቤይሩት ነኝ፣ አንተ ቀብር አደረስከኝ? አንድ ሰው በሕይወቱ አንድ ነገር ጓጉቶ ቢጠብቅ ያንን ትቀማዋለህ? ቀንዓ ቆሞ ይሰማታል። በዚህ መሃል እጁን አየችው። ያ ሰላሳ ዓመት መሪ የጨበጠ እጅ የክብሪት እንጨቱን አቶ ታፈሰ የሞተበት ገጽ ላይ ቀስ አድርጎ ይሰካል። ንዴቷ በረደ። ሌላ ሳጥን ጎትታ አጠገቡ ተቀመጠች።

 ከጎረቤት ግቢ ዶሮ ይንጫጫል። በመጨረሻ ቀንዓ ዓይኑን መሬት ላይ እንደተከለ፣ «እንዴት እንደሚታረቁ ልይ ብዬ ነው እኮ የጀመርኩት» አለ። «አንቺና ልጅቱ ክፍል አንድን ስታነቡ ሰምቻለሁ፤ ነገሩ የኛ ነው የሚመስለው። ይህ ደራሲ የተማረ ሰው ነው፣ መላ አያጣም፣ አባትየው ምን ብሎ አፉን እንደሚከፍት ይጽፈዋል፣ እኔም እሱን እላለሁ ብዬ። እኔ እንዴት እንደሚጀመር ጠፋኝ። አንቺ ሥራ ስትሄጂ እያነበብኩ፣ አሁን ይታረቃል፣ አሁን ይታረቃል ስል፣ ሰውዬውን ገደለው!» መጽሐፉን በመዳፉ መታው። «ምን ዓይነት ደራሲ ነው?»

ማዕረግ ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት። «አባቴ በሠርጋችን ቀን ያደረገውን ረሳኸው?» አለችው።

«እንዴት እረሳለሁ። ለጴንጤ ልጄን አልድርም ብሎ ድግሱን ሳይቀምስ ወጣ።»

«መቼ ነው ያናገረህ?»

«ቢሊሴ ስትወለድ» አለ ቀንዓ። ስሟን ጠራ። ሁለቱም ሰሙት። አንገቱን ደፋ፤ ቀጥሎም ማዕረግ ስትጠብቀው የከረመችው ጥያቄ፣ እሷ ምንም ሳትለው፣ ከአፉ ወጣ። «ያ ልጅ... ስሙ ማን ነው?»

«ሙጊሻ።»

«ሙ... ጊ... ሻ» አለ፣ እንደ ትኩስ ድንች ከጉንጭ ጉንጭ እያገላበጠ። «ምን ማለት ነው?»

«በረከት፣ ምርቃት እንደማለት ነው አለችኝ።»

«ኤባ ነዋ!» ቀንዓ ቀና አለ። «በኛ ቋንቋ ኤባ ማለት እኮ ነው! ታዲያ ኤባ አትይኝም ነበር?»

ማዕረግ ሀሳቡ ሳይቀዘቅዝ ስልኳን ከጡቷ ስር መዝዛ አወጣች። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ እምቢ አለ፤ ሦስተኛው ላይ ኢሞው ጮኸ። ስልኩን ለቀንዓ ሰጠችው። እሱም መነጽሩን መልሶ አድርጎ ፊቱ ላይ ለጠፈው፤ ማዶ የሚታየው ግንባሩና የቀይ መነጽሩ ጠርዝ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ቢሊሴ የሆቴሉን ዩኒፎርም እንደለበሰች ብቅ አለች፤ አባቷን ስታይ ደም ከፊቷ ሸሸ።

«አባኮ! ምን ሆናችሁ? እማዬ የት አለች? ማን ሞተ?»

ቀንዓ ያዘጋጀው ቃል አልነበረውም። «አቶ ታፈሰ ሞተ» አላት።

«የቱ አቶ ታፈሰ?»

«የመጽሐፉ! የመጽሐፉ ነው!» ብላ ማዕረግ ከጎን ጮኸች።

 ከዚያ ቢሊሴ በዚያ በሰው አገር ሆቴል ኮሪደር ላይ ጩኸቷን ለቀቀችው። «ለምን ነገራችሁኝ! እኔ ገና አላገኘሁትም እኮ! እማዬ፣ ለምን ነገራችሁኝ!» ማዕረግ ሳጥኑ ላይ እንደተቀመጠች ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሻሿ ተፈትቶ የተጠቀለለ ፀጉሯ ወጣ። ቀንዓ አልሳቀም። ጩኸቱና ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ።

«ኢንተላ ኮ» አላት፤ ልጄ። «ሰውዬው ነው የሞተው። እኔ አለሁ። እስቲ ኤባን አገናኚኝ።»

«ኤባ ማነው?»

«ባልሽ ነዋ።»

ቢሊሴ አፏን በእጇ ያዘች።  «እሺ አባኮ፣ እሺ» እያለች ወደ ወጥ ቤቱ መሮጥ ጀመረች፤ ጣሪያ፣ መብራት፣ የሰው ትከሻ፣ ትልልቅ ብረት ድስት ተራ በተራ አለፉ። ነጭ ቆብ ያደረገ ረጅም ጥቁር ልጅ ምንም ሳይገባው በሁለት እጁ ሽንኩርት እንደያዘ ብቅ አለ። ቢሊሴ በጆሮው አንድ ነገር ስትለው ሽንኩርቱን ጥሎ ቆቡን አወለቀና አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ። ቀንዓ ይሄን አየ። መንገድ ላይ ከቱሪስት የለቀማትን እንግሊዝኛ ሁሉ አወጣ፤ ሃው አር ዩ አለ፣ ፋዘር አለ፣ ማዘር አለ፣ ከዚያ ቃል ሲያልቅበት በሁለት እጁ መሪ እያዞረ «ድራይቭ? ድራይቭ?» አለው። ልጁ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ፤ አይችልም። «መንዳት አይችልም!» አለ ቀንዓ ወደ ማዕረግ ዞሮ፣ ከመስከረም ወዲህ ያላየችው ጥርሱ ወጥቶ። «ይምጣ፣ አስተምረዋለሁ!» ቢሊሴ እያለቀሰች ትተረጉማለች፤ ልጁ ይስቃል፤ ቀንዓ ማዶ ያለ ሰው እንዲሰማው እንደሚጮህ ሰው ይጮሃል። ማዕረግ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ስትጠርግ፣ ልጁ የተጠቀለለ ፀጉሯን በካሜራ አይቶ «ሃሎ ማማ» ሲላት በሁለት እጇ ራሷን ሸፈነች።

ስልኩ ተዘግቶም ቀንዓ አልተቀመጠም። ጓሮውን ይመላለስበታል። አሁን የሚያሳስበው ጌዶ ያለው ታላቅ ወንድሙ ጋዲሳ ነው። የቤቱ ትልቅ ሰው እሱ ነው፤ ጠንካራ ነው፤ ነገሩን ከሌላ ሰው ከሰማ ጉድ ይፈላል፣ እሱ እሺ ካላለ ደግሞ የጌዶ ዘመድ አንድም ሰው ሠርግ አይመጣም። «ነገ ሄጄ ራሴ መንገር አለብኝ» አለ፤ ቀጥሎም ቆመና፣ «ምን ብዬ እንደምጀምር ግን አላውቅም» አለ። ማዕረግ መጽሐፉን ከሳጥኑ ላይ አንሥታ አቧራውን አራገፈች። አባትየው ሞተ እንጂ ታሪኩ አላለቀም። ገና ግማሹ አለ። ወይንሸት ከለቅሶው ወዴት ትሄዳለች? ናዲምስ? ያንን ቤት ማን ያስታርቀዋል?  «እስከ ጌዶ ድረስ ባነብልህ አንድ ነገር አናጣም» አለችው፤ «ግን ከቤይሩት ነው የምጀምረው። አንተ ቀድመህ አንዲት ቃል ብትተነፍስ እወርዳለሁ።»

ቀንዓ አያት። ያን መንገድ ሰላሳ ዓመት ሲመላለስበት ማዕረግ አብራው የሄደችው ለለቅሶ ብቻ ነበር፤ ያኔም ከኋላ፣ ከሴቶቹ ጋር ነው የምትቀመጠው። ሾፌሩ አጠገብ የምትሆነው ወንበር ሁልጊዜ የሌላ ሰው ናት። የራሱን ስልክ አወጣና አሁን በዚያ መስመር ሚኒባስ ወደሚነዳው የቀድሞ ረዳቱ ደወለ።

«አሻግሬ፣ አካም ጅርታ? ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጌዶ ነኝ። ጋቢናውን ያዝልኝ። ሙሉውን! ብቻዬን አይደለሁም፣ ሁለት ሰው ነን።»